ሜዳ ተገኘ ብለን ያራቅነው ትምህርት ቤት

(ደሴ ላይ ወላጆች፣ መምህራንና የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ያደረግኩት ንግግር ነው። "ጽሑፉን ይላኩልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። ስናገር የተደነቃቀፍኩባቸውን ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው ያስተካከልኩት።)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ላይ ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ። ድሮም ክፍል ውስጥ የፊት ወንበር ትፈሩ ነበር። ዛሬ ፈተና የለም፣ አብሽሩ።

በጥያቄ ልጀምር። ትናንት ጠዋት ልጁን በባጃጅ፣ በሰርቪስ ወይም በራሱ መኪና ትምህርት ቤት ያደረሰ እጁን ያውጣ። እሺ። ብዙ ነው። አውርዱ። አሁን ደግሞ፣ ራሳችሁ ልጅ እያላችሁ በመኪና ትመላለሱ የነበራችሁ? አንድ። እርስዎ አባቴ፣ የሹፌር ልጅ መሆን አለብዎት። (ሳቅ)

አያችሁ? ይሄ ሁሉ የተለወጠው በአንድ ሰው ዕድሜ ነው። የጦሳ ተራራ እዚያው ነው። ዳገቱ እዚያው ነው። የልጅ እግርም ያው ሁለት ነው። ታዲያ ማን ሄደ? ትምህርት ቤቱ ሄደ። እየገፋን ያራቅነው ደግሞ እኛው ነን። "እኛ" ስል እኔም አለሁበት። እመጣበታለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ቦታው፣ ሁለተኛ ስፋቱ፣ ሦስተኛ መንገዱና በሩ። ቡናው ሳይወጣ እጨርሳለሁ ብዬ ለአዘጋጆቹ ቃል ገብቻለሁ። ግን አስተማሪ ነኝ፤ ብዙም አትመኑኝ።

አንደኛ፣ ቦታው።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ለአንድ አዲስ ትምህርት ቤት ገንዘብ ተገኘና ቦታ የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም በመምህራን ስም ገባሁ። ሁለት ቦታ ቀረበልን። አንደኛው ሰፈር መሃል ነው። ጠበብ ያለ፣ ዘቅዘቅ ያለ፣ ካሳ የሚጠይቁ ቤቶች ያሉበት። ሁለተኛው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሜዳ! የኳስ ሜዳ ያወጣል፣ ቤተ መጻሕፍት ያወጣል፣ ወደፊት ማስፋት ቢፈለግም ቦታ አለው። ደሴ ውስጥ ሜዳ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዚህ በኩል ጦሳ፣ በዚያ በኩል አዝዋ ገደል፣ መሃሉን የቦርከና ወንዝ። ቀሪው ወይ ዳገት ነው ወይ መሬቱ የሚንሸራተትበት ነው። ሜዳ ሲገኝ ሠርግ ነው።

ሄደን አየነው። በምን ሄድን? ላንድክሩዘር ተመድቦልን ነበር። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ወርደን ግራ ቀኝ አየን፣ ነፋሱም ደስ ይል ነበር፣ ተመልሰን ገባን። ከመካከላችን አንድም ሰው ከሰፈሩ ተነስቶ እዚያ ድረስ በእግሩ አልሄደም። አንድም ሰው! ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። እኔ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ፣ ካርታ ማንበብ የማስተምረው ሴትዮ፣ እጄን ለሜዳው አወጣሁ።

ትምህርት ቤቱ ተሠራ። ያምራል። እኔም ተዛውሬ እዚያው ማስተማር ጀመርኩ። መስከረም ላይ ነው፣ ዝናቡ ገና አልለቀቀም። አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። ጠዋት ጠዋት ከክፍሉ ጀርባ ካለው ቧንቧ አጠገብ አገኛታለሁ። ጫማዋን በፌስታል ይዛ ትመጣለች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። እግሯን ታጥባለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ታደርቃለች፣ ካልሲዋን ታጠልቃለች፣ ከዚያ ክፍል ትገባለች። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሽ ያልፋታል። "ለምን ትዘገያለሽ?" ብዬ ተቆጥቻት አውቃለሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ የተቆጣሁት።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ቀረች። እናቷን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳት። ጭቃውን አልነበረም የፈራችው። መንገዱ ላይ ባህር ዛፍ አለ፤ ጠዋት ጉም ሲወርድ አምስት እርምጃ አያሳይም። "ልጄን ለዚያ ባህር ዛፍ አልሰጥም" አለችኝ። ባጃጅ እንዳትይዝላት አቅም የላትም። ሌሎቹ አቅም ያላቸው ያዙ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባጃጅ መሰለፍ የጀመረው በዚያ ዓመት ነው።

ኮሚቴ ውስጥ ሳለን ምን ብለን ነበር መሰላችሁ? "ከካሳ ዳንን፣ መሬቱ በርካሽ ተገኘ።" ተገኘ እንዴ? ወላጅ በየወሩ ለባጃጅ የሚከፍለው የመሬቱ ዋጋ አይደለም ወይ? እኛ በአንድ ጊዜ ያልከፈልነውን ካሳ፣ እናቶች ልጃቸው እስኪመረቅ ድረስ በየወሩ ይከፍሉታል። ያልቻለችው ደግሞ በልጇ ትከፍለዋለች። ይሄ በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይጻፍም። ስለማይጻፍ ነው ርካሽ የሚመስለው።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይሄን ተረት የማታውቁት የላችሁም። ለከተማ ፕላን የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ባለሙያዎቹ ልዙር። ልጆቼ፣ ፕላን ስትሠሩ ካርታ ላይ ኮምፓስ ታስቀምጡና ክብ ትስላላችሁ። "ከዚህ ክብ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ቅርብ ነው" ትላላችሁ። ሜዳ ላይ እውነት ነው። ደሴ ላይ ግን ክቡ ይዋሻል። እስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ቀላል ስሌት አለች። በሜዳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለህ፤ ሽቅብ በወጣህ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ግን 10 ደቂቃ ጨምር ትላለች። እስቲ እናስላው። ትምህርት ቤቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። በሜዳ 18 ደቂቃ ነው። መንገዱ 150 ሜትር ሽቅብ ቢሆንስ? 15 ደቂቃ ተጨመረ። 33 ደቂቃ። ያውም ይሄ የአዋቂ እርምጃ ነው፤ ቦርሳ የተሸከመ የሰባት ዓመት ልጅ እርምጃ አይደለም። ደግሞ እኛ ያለነው 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ የመጣ እንግዳ ፒያሳን ወጥቶ ሲያለከልክ አላያችሁም?

ስለዚህ ክቡን ተዉት። ደቂቃ ቁጠሩ። ኮንቱሩን፣ ካርታው ላይ ከፍታ የሚያሳየውን መስመር፣ አንብቡ። ከዚያ ደግሞ ተነሱና ሂዱበት፤ በእግር፣ በክረምት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። ከልጅ ጋር ከሆነ የበለጠ ጥሩ።

ጉዳዩ አዲስም አይደለም። ክላረንስ ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1929 ሰፈር እንዴት መታቀድ እንዳለበት ሲጽፍ፣ መሃሉ ላይ ያስቀመጠው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ነው። ሰፈሩ ይሰፋል ወይ ይጠባል የሚለውን የወሰነው ልጅ በእግሩ ሊሄድ በሚችለው ርቀት ነው። ሌላም አለ፤ ትልልቁ መንገድ በሰፈሩ ጠርዝ ይለፍ እንጂ መሃል አይግባ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለመሄድ አውራ ጎዳና አይሻገር አለ።

የኮምቦልቻ ሰዎች አላችሁ? ይሄ ለእናንተ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት በመካከላችን ያለችው፤ ግን እናንተ ከእኛ 600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችሁ ነው የምትኖሩት። መሬታችሁ ከእኛ ይሻላል። እናንተ ጋ ልጅ ብስክሌት ቢነዳ ያምርበታል፤ እዚህ ግን ብስክሌቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። የእናንተ ዳገት አስፋልቱ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ወደ ሰሜን የሚያልፈው፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚወርደው ተሳቢ ሁሉ በደጃችሁ ነው የሚያልፍ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በእኛ አቆጣጠር በ2009 ተከፍቷል። ፋብሪካ ካለ ሠራተኛ አለ፣ ሠራተኛ ካለ ሰፈር አለ፣ ሰፈር ካለ ልጅ አለ። ቤቱ ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ወዲያ ከሆነ፣ ሦስት መቶ ሜትር ብትሆንም ወላጅ ባጃጅ ይይዛል። ትክክል ነው። እኔም እይዛለሁ። ስለዚህ በሁለቱም በኩል ትምህርት ቤት ይኑር። መሬቱ ለቤት ከመከፋፈሉ በፊት የትምህርት ቤቱ ቦታ ይከለል። ቤት ከተሠራ በኋላማ የሚተርፈው ያው ማንም ያልፈለገው ዳር ነው።

ሁለተኛ፣ ስፋቱ።

ትምህርት ቤት ለምን ዳር ይሄዳል? ሰፊ መሆን አለበት ስለምንል ነው። ይሄን ነገር አሜሪካኖች ቀድመውን ተሳስተውበታል። የትምህርት ቤት ሕንፃ አቃጆች ማኅበራቸው ለብዙ ዓመት መመሪያ ነበረው። ለአንደኛ ደረጃ ቢያንስ 10 ኤከር፣ በየ100 ተማሪው ደግሞ አንድ ኤከር ጭማሪ። ለሁለተኛ ደረጃ መነሻው 30 ኤከር። በእኛ ሲመነዘር 4 ሄክታርና 12 ሄክታር ገደማ ነው። መሃል ከተማ 12 ሄክታር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ ወደ እርሻው ወጡ። በሰፈር ውስጥ የነበሩት አሮጌዎቹ "መስፈርት አያሟሉም" ተብለው የተዘጉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 እዚያ አገር እስከ ስምንተኛ ክፍል ካሉት ልጆች 48 በመቶው በእግር ወይም በብስክሌት ነበር የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ2009 ስንት ሆኑ? 13 በመቶ። ሌላም ብዙ ምክንያት አለው፣ ሁሉም በሜዳው አልመጣም። ማኅበሩ ግን ዝቅተኛውን የስፋት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ተወው።

እነሱ የተዉትን እኛ እንዳናነሳው ነው የምፈራው።

እኛስ ምን እናድርግ? ፎቅ እንሥራ። ትልቅ አንድ ከመሥራት ትንንሽ ሁለት እንሥራ። የኳስ ሜዳውን ሁለት ትምህርት ቤት ይጋራው፤ ቅዳሜና እሁድ የሰፈሩ ወጣት ይጫወትበት። ቤተ መጻሕፍቱ ማታ ለሰፈሩ ይከፈት። አሁን በጦርነቱ የተጎዱ ትምህርት ቤቶች እየታደሱ ነው። ባሉበት ሰፈር ባይሰፉም እዚያው ይታደሱ። "ጠባብ ነው፣ ዳር ሰፋ ያለ ቦታ እንስጣችሁ" የሚል ሰው ከመጣ፣ ላንድክሩዘሩን ቀሙትና በእግሩ ውሰዱት። (ጭብጨባ)

ወይዘሮ ስሂንን አስቡ። የእቴጌ መነን እናት፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት። ከተማው መሃል ነው። ከየወረዳው ስንቁን ተሸክሞ የመጣ የገጠር ልጅ፣ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ በእግሩ ተመላልሶ ተምሮበታል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እህ፣ ይኸው!

እዚህ ላይ አንድ እናት ቅድም በር ላይ ያሉኝን ላንሳ። "መምህር፣ የሰፈሬ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ግን አያስተምርም። እኔ ሩቁን የመረጥኩት ወድጄ ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቅርብ የሆነ መጥፎ ትምህርት ቤት ከባጃጅ አያድንም። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ የሚሻለው ጎረቤቱ ደህና ሰው ሲሆን ነው። ቦታው ሁሉንም ይፈታል አላልኩም። ግን አስተማሪን ማሻሻል ይቻላል፣ መጽሐፍ መጨመር ይቻላል፤ አንዴ ኮንክሪት የፈሰሰበትን ትምህርት ቤት ግን ማንም ተሸክሞ አያቀርበውም።

ሦስተኛ፣ መንገዱና በሩ። ቡናው እየሸተተኝ ነው፣ ቶሎ ልበል።

አንድ ተማሪዬ ነበር፣ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው እሱ ጋ ተሳፈርኩ። ሦስት ሰው ነው የሚጫነው። ጠዋት ግን ልጆችን ስንት አድርጎ እንደሚጭን አይቼዋለሁ፤ ሁለቱ ከእሱ ጎን፣ ግማሽ መቀመጫቸው አየር ላይ። "አታፍርም?" አልኩት። "ቲቸር፣ እኔ ባላመላልሳቸው ማን ሊያመላልሳቸው ነው? እርስዎ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት እኮ ነው" አለኝ። ዝም አልኩ። ሒሳቡንም አልቀበልም ብሎኝ ሄደ።

ልጁ ጥፋት የለበትም። እኛ የፈጠርነውን ክፍተት ነው የሞላው። ግን በሩን እዩት። ጠዋት ከሩብ ጉዳይ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ባጃጁ ይዞራል፣ ሚኒባሱ ወደ ኋላ ይላል፣ መኪና ያለው ልጁን እደጃፉ ካላወረደ አይሄድም። በእግሩ የመጣው ልጅ በእነሱ መሃል ይሹለከለካል። ከዚያ ወላጁ ያይና "አደገኛ ነው" ብሎ እሱም ባጃጅ ይይዛል። አንዱ ባጃጅ ሌላውን ይወልዳል። አሁን የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ኤሌክትሪክ መጥቷል ትሉኛላችሁ። ጭሱ ይቀንሳል፣ እሰየው። ግን ኤሌክትሪክ መኪናም ወደ ኋላ ሲል ልጅ አያይም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልጽ ነው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ከምንም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ልጅ በሚበዛበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ ይላል። ቦልዛኖ የምትባል የጣሊያን ከተማ፣ እሷም እንደ እኛ በተራራ የተከበበች ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምራ በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት በሩ ላይ ያለውን መንገድ ለመኪና ትዘጋለች። ለትንሽ ደቂቃ ነው። ይሄ ስንት ብር ይፈልጋል? አንድ ገመድና አንድ ዘበኛ።

ለደሴ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምለምነው ደረጃ ነው። አስፋልት አይደለም፣ ደረጃ! ባጃጁ ዳገቱን ዞሮ ዞሮ ነው የሚወጣው፤ ልጅ ግን አቋራጩን ያውቃል። አቋራጩ አሁን ክረምት ላይ ጅረት ነው። እሱን በድንጋይ አንጥፉት። ጎኑ ላይ ቦይ አውጡለት። እጅ የሚይዝ ብረት አድርጉለት። አንድ ሁለት መብራት ትከሉ፣ ያ ባህር ዛፍም ይመንጠር። ድንጋይ ጠርቦ የሚያነጥፍ ወጣት ሞልቷል። ትምህርት ቤት ሲሠራ ደረጃው አብሮ በአንድ በጀት ይያዝ። "መንገዱ በሌላ መሥሪያ ቤት ነው" የሚባለውን ነገር ልጁ አያውቀውም። በሩም አንድ ብቻ አይሁን፤ ሰፈሩ ባለበት አቅጣጫ ሁሉ ይከፈት። አንድ በር ያለው ግቢ፣ አጥሩን ተጠግቶ የሚኖረውን ልጅ ሩብ ሰዓት ያዞረዋል።

ስለ አብሮ መሄድ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። እኔ ልጅ ሆኜ ከጦሳ ግርጌ ነው የምንወርደው። ኮንጎ ጫማ አድርገን፣ ጋቢ ደርበን። የመጀመሪያዋ ልጅ ከላይ ትነሳና የጎረቤቷን በር "ቶሎ ውጪ!" ብላ ትመታለች። ሁለት ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። አስፋልት ስንደርስ ሃያ እንሆናለን። ትልቋ ከፊት፣ ትንሾቹ መሃል። አንዲት ዳቦ የሚጋግሩ እናት ነበሩ፤ የተቆረሰ ቢያገኙ ያቀብሉናል። ያልመጣ ልጅ ካለ እሳቸው ናቸው ቀድመው የሚያውቁት። ጃፓን ውስጥ ዛሬም በብዙ ቦታ ልጆች እንዲህ በሰልፍ ነው የሚሄዱት። አውስትራሊያዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ "የእግር አውቶቡስ" የሚል ስም አወጣለት። እኛ ስም ሳናወጣለት ተውነው። መራመድ የማይችል ልጅ አለ፣ ከሩቅ ገጠር የሚመጣም አለ፤ መኪናው ለእነሱ ይትረፍ።

ቡናው ደረሰ፣ አየሁት። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ወንበራችሁ ላይ ያለውን ወረቀት ገልብጡት። ባዶ ነው። ከደጃችሁ እስከ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሳሉልኝ። ጭቃ ያለበትን፣ ውሻ ያለበትን፣ አስፋልት የሚሻገርበትን፣ ጨለማ የሆነበትን ምልክት አድርጉ። ስዕል አልችልም የሚል ልጁን ይጠይቅ፣ እሱ ያውቀዋል። ባለሙያዎቹ ወረቀቱን ሰብስበው ይዘው ይሄዳሉ፤ ተስማምተናል። የሚቀጥለውን ቦታ ለመምረጥ ሲወጡም አብሬያቸው በእግሬ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ያሳመመኝ እንደሆነ እነሱ ይጠብቁኛል።

እርሳስ የሌለው አለ? እዚህ ጋ አለ፣ አሳልፉለት።